እኔና ሸክላ ማንኳኳት

የሸክላዋን ሴትዮ ሆድ በጣቴ አንጓ ባንኳኳው ባንኳኳው «ዱፍ» ይላል እንጂ አይጮኽም። መቱ ገበያ ማሰሮ የሚገዛ ሁሉ መጀመሪያ ያንኳኳል፤ ከጮኸ ደህና ነው፣ ዱፍ ካለ ተሰንጥቋል ማለት ነው። እኔ ደግሞ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ብተወውም በማንኳኳት ፕሮፌሰር ነኝ። ሴትዮዋ፣ ሸክላ ሠሪዋ እትዬ አልማዝ ሦስት ወር የለፉባት ቅርጽ ናት፤ ፊቷና ሆዷ ሸክላ፣ ክንዷና ቀሚሷ ጥጥ የተጠቀጠቀበት አሮጌ ጋቢ። የጎሬው ጋሼ ገመቹ ለአዲሱ ሆቴላቸው በር ሊወስዷት ዋጋ ጨርሰዋል። እኔ የተጠራሁት እንድሸከም ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ እንዳይሸወዱ! ሆዷ ተሰንጥቋል» አልኩ፣ መንደሩ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

«ዱጋ? እውነት?» አሉና ፊታቸውን አጠቆሩ። «እንግዲያው ይቅርብኝ።»

እትዬ አልማዝ የሸክላዋን ሴትዮ የጀርባ ስፌት ፈቱና ከሆዷ ጥጥ ይመዙ ጀመር። ጥጡ አያልቅም። ሆዷ ባዶ ሲሆን አንኳኩት፤ እንደ ደወል ጮኸ። ጋሼ ገመቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና «በሉ ጥጧን መልሱላት፣ እወስዳታለሁ» አሉ።

እኔ መሬት መሬቱን ሳይ እትዬ አልማዝ ጠጋ ብለው ግንባሬን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ይኼም ደህና ይጮኻል» አሉኝ፤ «ጥጥ እንኳ የለበትም።»