መንደር መግቢያ ላይ የሚሰቀለው ስም

ባለፈው ጥር ለአንድ ቀን ከሄድኩበት ከተማ ስመለስ አውቶቡሱ ሶልጎክ መንደራችን መግቢያ ላይ አወረደኝ። የመንደሩ ሹም ጋሼ ናም ቼልጉ በዚያ ብርድ መሰላል ላይ ወጥተው በሁለት ምሰሶዎች መካከል ባነር ሲያስሩ አገኘኋቸው። «እንኳን ደስ አለን! የቹ ቤት ሁለተኛ ልጅ ቹ ጂሆ የሕክምና ትምህርት ቤት ገባ» ይላል፣ በቀይ ቀለም።

እኛ ኮሪያውያን ዘንድ ይህ ልማድ ነው። ልጅ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወይም የመንግሥት ሥራ ፈተና ሲያልፍ ስሙ መንገድ ላይ ይሰቀላል። ያላለፈውስ? ያላለፈው አንገቱን ደፍቶ በዚያ ስር ይለፍ! ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ያን ባነር ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ከኔ ጋር የጎረቤቴ ልጅ ሶ ሃራን ወርዳለች። ሕግ ተምራ ከተማ የምትሠራ ልጅ ናት። ጋሼ ናም ገና ሲያዩዋት መሰላሉን እንድትይዝላቸው ጠየቋት።

«አልይዝም ጋሼ።»

«ምነው ልጄ፣ ቀናሽ እንዴ? ያንቺንም እኮ በእጄ ነው የሰቀልኩት።»

«ለዚህ እኮ ነው የማልይዘው።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወረዱ። ሃራን ድምጿን ሳታነሳ ነገረቻቸው። ስሟ እዚያ ከተሰቀለ ጀምሮ ብትሳሳት የምታዋርደው መንደሩን ስለመሰላት፣ በተማሪነቷ ታማ እንኳ ለእናቷ አልተናገረችም። ጋሼ ናም ግን አልተዋጠላቸውም። ሰው ካላየ አይቀናም፣ ካልቀና አይሮጥም አሉ። እነሱ በልጅነታቸው ገብስ እየቃሙ ሲማሩ ማንም አላባበላቸውም፤ አገሩም የቆመው በዚያ ነው አሉ።

«ሮጦ የወደቀውስ?» አለች።

«የወደቀ ይነሳ። ማን ያዘው?»

ይህን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። የጋሼ ናም አንድ ልጅ ሱንጌ የመንግሥት ፈተና ደጋግሞ ወድቆ፣ ዋና ከተማ ውስጥ አልጋ ብቻ በምትይዝ ክፍል ተደብቆ እንደሚኖር አገር ያውቃል። ቅዳሜ የባለቤታቸው ሙት ዓመት ነው። ልጇ እንደ ልማዳችን ፎቶዋ ፊት ሳይሰግድላት ሊያልፍ ነው እያሉ ሳምንቱን ሙሉ እኔው ቤት ሲያለቅሱ ሰንብተዋል። እያለቀሱ ደግሞ ይሰቅላሉ! እንዲህ ያለ ሰው ምን ይሉታል?

«ለመሆኑ ሱንጌ ቅዳሜ ይመጣል?» አልኳቸው።

«ሥራ ይበዛበታል» አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

«ሥራ የለውም ጋሼ» አለች ሃራን። «ደግሞም አምና መጥቶ ነበር። እንዳልነግርዎት አስምሎኛል፤ ዛሬ ግን መሐላዬን አፈረስኩ።»

አምና በሙት ዓመቱ ዕለት እዚሁ ፌርማታ አግኝታዋለች። የተዋሰውን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ለእናቱ አንድ ካርቶን ፖም ይዞ ነበር። የዚያን ጊዜ የተሰቀለው ባነር ደግሞ እሱ የወደቀውን ያንኑ ፈተና ያለፈች የጎረቤት ልጅ ስም ነበረበት። ሱንጌ ቆሞ አነበበው። «በዚህ ስር አልፌ እናቴ ፊት ምን ሆኜ ልቁም?» አላትና ፖሙን ለሃራን ትቶ በሚቀጥለው አውቶቡስ ተመለሰ። ካርቶኑን በጋሼ ናም በር ላይ ያስቀመጠችው እሷ ናት።

ጋሼ ናም መሰላሉ እግር ስር ቁጭ አሉ።

«ፖሙን በላሁት እኮ» አሉ። «የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ያመጡልኝ መስሎኝ...» ቀና ብለው ባነሩን አዩ። «እኔ የምሰቅለው እሱ እንዲነቃ ነበር። የሌላ ሰው ልጅ ስም ሲያይ እልህ ይይዘዋል ብዬ።»

«እልህ የያዘው ሰው ይመጣል ጋሼ» አለች ሃራን። «ያፈረ ነው የሚሸሸው። ልጅዎ የወደቀው ፈተና ነው። ከሰው ተራ የጣሉት ግን እርስዎ ነዎት፣ በየዓመቱ እዚህ መሰላል ላይ እየወጡ።»

ክፉ ቃል ነው። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ እውነት አንዳንዴ ካልመረረ አይሽርም።

ሽማግሌው ተነሡና መሰላሉን ወጡ። አሁን ሃራን ያዘችላቸው። የባነሩን ገመድ በቢላ ቆረጡት። ወሬው የደረሳቸው የጂሆ እናት ወይዘሮ ቹ ልጃቸው የተዋረደ መስሏቸው እየጮኹ መጡ። ጋሼ ናም ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቋቸው፤ ባነሩን ግን መልሰው አልሰቀሉም። ማታውኑ ለሱንጌ ደውለው መንገዱ ላይ የማንም ስም እንደሌለ ብቻ ነገሩት።

ከዚያ ወዲህ በሶልጎክ ባነር አይሰቀልም። ትምህርት የጨረሰ ሁሉ፣ ያለፈም የወደቀም፣ በመንደሩ አዳራሽ አብሮ ምሳ ይበላል። መንደሩ ምን ጎደለበት? ምንም! ለበዓል ሳይመጡ የቀሩ ልጆች መምጣት ጀመሩ። ከሁሉ የገረመኝ ራሱ ጂሆ ነው፤ ስሙ ሲወርድ ትከሻው እንደቀለለው ለእናቱ ነገራቸው። ስሙ የተሰቀለውም ያልተሰቀለውም በአንድ ገመድ ታንቀው ኖረዋል ማለት ነው፤ እኛም ይህን ማበረታቻ ብለን ስንኮራበት ኖርን። እፍረቱ የኛ ነው።

ሱንጌ በዚያው ቅዳሜ መጣ። አባቱ በር ላይ «በልተሃል?» ብቻ አሉት። በእናቱ ፎቶ ፊት ሰግዶ ተነሥቶ ለማዕድ ስንቀመጥ፣ አጎቱ እንደ ልማዱ ስለ ሥራና ማዕረግ ጠየቀው፦

«ታዲያ ሱንጌ፣ አሁን ምን ሆንክ?»

ልጁ ማንኪያውን አስቀመጠ። ጋሼ ናም ግን ሾርባውን እየቀዱለት ለወንድማቸው መለሱለት፦

«ልጄ ነው። ሌላ ምን እንዲሆን ፈልገህ ነው?»