ለሦስት ከተማ የተከፋፈሉት ዘጠኝ የባሕር ዓሦች

ቃል ሰጪ፦ ወ/ሮ ገነቴ ላምቤቦ
ዕድሜ፦ 48
ሥራ፦ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ሆሳዕና ከተማ፣ ቀበሌ 03
ቀን፦ መጋቢት 4 ቀን 1978 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡30
ቃል ተቀባይ፦ የሃምሳ አለቃ ተክለ ሃይማኖት

ሟች ባለቤቴ ሽብሩ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር። በ1973 ዓ.ም. በጡረታ ከምጽዋ ሲመለስ ጣት የሚያካክሉ ዘጠኝ አረንጓዴ ዓሦች በበርሜል፣ የባሕር ጨው ደግሞ በጆንያ ይዞ መጣ። በዚያው ዓመት ሲሞት ዓሦቹን ለምሠራበት ትምህርት ቤት ሰጠሁ፤ ጠባቂያቸውም እኔው ሆንኩ። መብራት ስለሚጠፋ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ነፍቼ በቀጭን ቱቦ አየር እሰጣቸዋለሁ። በቀን አራት ጊዜ የእንቁላል አስኳል ትንሽ ትንሽ አበላቸዋለሁ፤ ከራባቸው ይጣላሉ። እያንዳንዳቸውን በመልክ ለይቼ አውቃለሁ። ሥራው አድካሚ ነው፤ ሆኖም እስኪከፋፈሉ ድረስ በአምስት ዓመት አንድም አልሞተብኝም። የሚያኖራቸው ብዛታቸው ነው። ጉልበተኛው አንዱን ሲያባርር ሌላው መሃል ይገባበታል፣ ዱላው ለሁሉም ይዳረሳል።

ጥቅምት 18 ቀን 1978 ዓ.ም. የትምህርት መርጃ አከፋፋይ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ኃይለመለኮት ለሆሳዕና፣ ለአንጋጫና ለዳምቦያ ትምህርት ቤቶች ሦስት ሦስት ዓሣ እንዲደርስ መወሰኑን ነገሩኝ። ከተለያዩ እንደሚገዳደሉ አስረዳሁ። «ጓድ ገነቴ፣ ዘጠኝ ዓሣ ለሦስት ከተማ። ከዚህ የቀና ድርሻ የት ይገኛል?» አሉኝ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስከራከር ውዬ ደከመኝና ርክክቡ ላይ ፈረምኩ። ጥፋቴ ይኼ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት እኔ ዘንድ ከቀሩት ትልቁ ትንሹን ክንፉን ነጭቶ ገደለው። ቆይቶም አንጋጫ ሁለት፣ ዳምቦያ አንድ መሞታቸውን ሰማሁ። ጥር 22 ቀን በጠዋት አውቶቡስ አንጋጫ ሄጄ የቀረውን አንዱን በጀሪካን ወሰድኩ፤ ከዳምቦያም ሁለቱን ጨመርኩ። ማንም አልፈቀደልኝም፣ ማንም አልረዳኝም። መኪና ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጀሪካኑን አይተው ላምባ መስሏቸው የት እንደተገኘ ጠየቁኝ። ትምህርት ቤቱ ስመለስ፣ ሁሉም ለቦታው አዲስ ሆነው ማንም የኔ ነው ብሎ እንዳይጣላ ድንጋዮቹን አቀያይሬ አምስቱን አንድ ገንዳ ውስጥ ከተትኩ። ይኸው አርባ ሁለት ቀን፣ የሞተ የለም።

አንጋጫና ዳምቦያ ለየብቻ ስለከሰሱኝ መዝገቡ ሁለት ነው ተባልኩ። ዓሦቹም በየመዝገቡ በኤግዚቢትነት ተለይተው እንዲቀመጡ፣ የትኛው የማን እንደሆነ እንዳሳይ ተጠየቅኩ። አውቃለሁ፤ አላሳይም። ከሥራ ልባረር፣ ልታሰርም እችላለሁ። ደክሞኛል፣ የመጣውን እቀበላለሁ። ጣቢያው የሚያቆያቸው ከሆነ ግን አንድ ላይ ይሁኑ፤ ከመነዳሪው በየሦስት ሰዓቱ ይነፋ።

ይህ ቃል ተነቦልኝ በተናገርኩት ልክ መጻፉን ሰምቻለሁ። እውነት ለመሆኑም እፈርማለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
በኤግዚቢት መለያ ቅጹ ላይ የቃል ሰጪ ፊርማ፦ (አልፈርምም ብላለች)