በሩ ወዴት ይከፈት?

«ላቮን፣ ጎመኑን ወዲህ በይው እስቲ። ተባረኪ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? … ይሄ የቶሌዶ ዝናብ ለጉልበት አይሆንም፣ እኔም ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያደርኩት። ዶሮውን ቅመሽ፤ ዲያቆን ቨርኖን ራሱ ነው የጠበሰው። ለዚህ ነው ግማሹ ያረረው። አይዞሽ፣ ከሥር ከሥሩ አንሺ።»

ሚስ ኦዴሳ ቲብስ ይህን የሚሉት ጮክ ብለው ነው። ምክንያታቸው የአክስታቸው ልጅ ላቮን ጆሮዋ ይከብዳል የሚል ነው። የላቮን ጆሮ ግን ሁለት ክፍል አልፎ የቺፕስ ከረጢት ሲከፈት ይሰማል። ሚስ ኦዴሳ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በተሰናዳው ግብዣ ላይ፣ በጠረጴዛው ራስጌ ተቀምጠው፣ ላቮንን በግራቸው አድርገው፣ ጮክ ብለው የሚያወሩት በቀኛቸው ለተቀመጠችው ነጭ ሴት ነው። ሴትየዋ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህርትና የአጋርነት ኮሚቴው ሰብሳቢ ናት። ስሟን ሚስ ኦዴሳ ያን ቀን አንድም ጊዜ አልጠሩትም፤ እኛም አንጠራውም። በጆሮዋ የአፍሪካ ካርታ ቅርጽ ያለው የእንጨት ጉትቻ፣ በአንገቷ ደግሞ በሰማያዊ ክር የታሰረ አንድ ቁልፍ አንጠልጥላለች።

ነገሩ ሁሉ ያ ቁልፍ ነው። ሚስ ኦዴሳ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ባለው የሕፃናት መዋያ ሃያ ስድስት ዓመት አስተምረዋል። የመዋያው ግቢና የትምህርት ቤቱ ግቢ የሚለያዩት በአንድ የሽቦ አጥር ነው፤ በአጥሩ መሃል የብረት በር አለ፣ በሩ ላይ ጓጉንቸር አለ። ወዲህ ያሉት አሥራ ሁለት ልጆች ጥቁሮች ናቸው፤ ወዲያ ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች። ባለፈው መስከረም በሁለቱ መካከል የአጋርነት ስምምነት ተፈረመ። ከማዶ ልጆች ጋር አሥር ጠዋት አብሮ የዋለ የመዋያው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት በትምህርት ቤቱ ኬጂ ቦታ ይጠበቅለታል። ያልዋለ ዕጣ ውስጥ ይገባል፤ ዕጣው ካልወጣለት ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ከተማውን አቋርጦ ይማራል። አሁን ግንቦት ነው። በሩ አንድም ቀን አልተከፈተም። ከነገ ጀምሮ ሲቆጠር ትምህርት ሊዘጋ የቀረው ልክ አሥር ጠዋት ነው። ከአሥራ ሁለቱ ልጆች አንዷ ደግሞ የላቮን የልጅ ልጅ ዛሪያ ናት።

«ምን እያልኩሽ ነበር? … አዎ፣ ኬኩ! ኬኩን አየሽው? ሲያምር! አንዲት የማውቃት ሴት ናት ያሠራችው። ስሟን ተይው፤ ትሑት ሰው ስሙ ሲጠራ ይሸማቀቃል። የኮሚቴውን ሙሉ ስም በክሬም አስጽፋለታለች፣ አንድ ፊደል ሳታጎድል። “የዘር እኩልነትን በሕፃናት ትምህርት ለማራመድ በሁለቱ ተቋማት መካከል የተቋቋመ…” እያለ ይሄድልሻል፣ ይሄድልሻል፣ ኬኩን ይዞረዋል… መጨረሻ ላይ “ለልጆቻችን” የሚለው ቦታ አጣ። ምን ታድርግ? ኬክ ጠርዝ አለው። የሰው ጥፋት ነው እንዴ? የኬኩ ጥፋት ነው እንጂ። ደግሞስ ልጆቹ የት ሆነው ያነቡታል? ተኝተዋል።»

እውነትም ተኝተዋል። ስለ ልጆቹ የተዘጋጀው የዓመቱ ማጠቃለያ ግብዣ የተጠራው ልክ በእንቅልፍ ሰዓታቸው ነው። በሕፃናት መዋያ ውስጥ የእንቅልፍ ሰዓትን የማያውቅ የለም፤ የፖስታ አመላላሹ እንኳ ያን ሰዓት ጠብቆ በጣቱ ጫፍ ነው የሚያንኳኳው። አሥራ ሁለቱ ልጆች ከአዳራሹ ግድግዳ በስተጀርባ በየፍራሻቸው ላይ ተዘርግተው ያንኮራፋሉ፣ ኮሚቴው ስለ እነሱ ያጨበጭባል።

«ተቀየመች እንዳትዪኝ ብቻ! እኔ ጸጥታ እወዳለሁ። ልጅ ባለበት ስለ ልጅ መወያየት ደግሞ አይመችም፤ መሃል ገብቶ ሽንቴ መጣ ይላል። ይህን ቀድማ ያሰበችው እሷ ናት። “የጋራ ጠዋት” የሚባለው ነገርስ በመጀመሪያው ዕቅድ ላይ ከምሳ በኋላ አልነበር? ጠዋት ጠዋት እንዳይሆን ኮሚቴው አዳራሹን ይፈልገዋል… ስለ ጠዋቱ ሊወያይበት። እንዲህ ያለ አእምሮ ከየት ይገኛል፣ ላቮን? እኔና አንቺ ብንሆን ጠዋትን ጠዋት አድርገን እናበላሸው ነበር።»

ላቮን ጎመኗን እያኘከች ራሷን ነቀነቀች። በቀኝ በኩል ያለው ሹካ ለአፍታ ቆሞ እንደገና ተንቀሳቀሰ።

«የበሩንስ ነገር ነገርኩሽ? … አልነገርኩሽም? እንግዲያው ስሚኝ። ያ የአጥሩ በር አለ አይደል? እኔና አንቺ መሃይሞቹ ብንሆን ቁልፉን ሰክተን እንከፍተው ነበር። በቃ። ማሰብ የለ፣ መጨነቅ የለ! እሷ ግን ቆም አለች። በሩ ወዴት ይከፈት? አለች። ወደ እኛ ቢከፈት እነሱ ገፍተው የመጡብን ይመስላል። ወደ እነሱ ቢከፈት እኛ ገፍተን የገባንባቸው ይመስላል። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ በዕድሜሽ ስንት በር ከፍተሽ ዘጋሽ? አንድ ቀን “ይህ በር የማንን ክብር ይነካ ይሆን?” ብለሽ ታውቂያለሽ? የፍሪጁን እንኳን? … አየሽ! ለዚህ ነው እኛ እዚህ ምድር ቤት የቀረነው።

«ባለሙያ አስመጣች፣ ከኮሎምበስ ድረስ። ሰውየው በሩን ዞሮ ዞሮ አየው። ዳሰሰው። ዓይኑን ጨፍኖ ከበሩ ጋር ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወዲህም ወዲያም የሚከፈት በር ይሠራ አለ፣ በካውቦይ ፊልም ላይ ሰካራም ገፍቶ የሚወጣበት ዓይነት። አቤት፣ እኔ ወደድኩት! አሁን የማጠፊያ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ማጠፊያው ከአንድ ወገን ብቻ እንዳይመጣ ነዋ። የላይኛው ከእኛ፣ የታችኛው ከእነሱ ይሁን ቢባል ደግሞ፣ የላይኛው ለምን ከላይ ሆነ? የሚል ጥያቄ ተነሣ። ማን እንዳነሣው አልናገርም። ጥያቄው ግን የሊቅ ነበር።»

ሚስ ኦዴሳ የቀዘቀዘ ሻያቸውን ፉት አሉ። ፊታቸው ላይ የሰንበት ፈገግታ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ቁልፉ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ከምድር ቤቱ ከወጡት ልጆች አንዷ ሁለተኛው አውቶቡስ ላይ አንቀላፍታ፣ ማንም ሳያያት መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ተወስዳ ነበር። ሲያገኟት ጫማዋን በእጇ ይዛ “ሚስ ኦዴሳን ጥሩልኝ” ትል ነበር አሉ። ያን ቃል ከሰሙ ጀምሮ ሚስ ኦዴሳ በዚያ ጓጉንቸር አጠገብ ባለፉ ቁጥር በእግራቸው ይመቱታል።

«የከለሩን ቀን አልነበርሽም፣ ቀረብሽ! እኔ እኮ እስከዚያ ቀን ድረስ ቡናማ ነኝ ብዬ ነበር የምኖረው። ሃያ አራት ዓይነት የቆዳ ቀለም ያለበት ከለር አምጥታ፣ እያንዳንዳችን የራሳችንን ፈልገን እናግኝ አለችን። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ዲያቆን ቨርኖን ሦስቴ የሰው መልክ ይዞ ተመለሰ። እሷ የራሷን ስታገኝ እንባዋ መጣ። የእኔም መጣ… ምሳ አልበላሁም ነበር። የተረፈውን ለልጆቹ ሰጠናቸው። ምን የሣሉ ይመስልሻል? ሸርተቴ! አሥራ ሁለቱም የማዶውን ሸርተቴ። ሸርተቴው ቀይ ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ቀይ የለም። እናም ሃያ አራት ዓይነት ቆዳ የለበሰ ሸርተቴ ሣሉ። ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፣ ከሥሩ “ልጆቻችን ማንነታቸውን ሲፈልጉ” ብላ ጽፋበት። ላቮን ሙች፣ ማንነታቸውን አይደለም፣ ሸርተቴውን ነው የፈለጉት!

«ዛሪያሽንም ጠይቃት ነበር እኮ። እንደ ሌላው ቆሞ ቁልቁል አይደለም። ተንበርክካ፣ ዓይን ለዓይን፣ ቀሚሷ ጭቃ እስኪነካ። እንዲህ ያለ ትሕትና! “የመካተት ስሜትሽ ምን ይመስላል?” አለቻት። ልጅቷ ምን አለች? “ሸርተቴው ላይ መውጣት እፈልጋለሁ።” ይህ በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። “የሕፃናት ድምፅ፦ ከፍ የማለት ምኞት። ወደፊት ይጠና።” እይልኝ እንግዲህ። አራት ዓመቷ ነው፣ ጥናት ይደረግባታል። እኛን በአራት ዓመታችን ማን አጠናን?»

በቀኝ በኩል የአፍሪካ ጉትቻው መወዛወዝ ጀመረ። ሰብሳቢዋ ከአንገቷ ጀምሮ እየቀላች ነው። ሚስ ኦዴሳ አላዩም፤ ማለት፣ እንዳላዩ ሆነው የስኳር ድንቹን ፓይ ለላቮን ይቆርሳሉ።

«ልጆቹማ ባለጌዎች ናቸው። ኮሚቴ ሳይጠብቁ ተጋርተው ጨርሰዋል። ዛሬ ጠዋት ዛሪያሽና ማዶ ያለች ማብል የምትባል ጥርሰ ወላቃ በሽቦው ቀዳዳ ብስኩት ወዲህ፣ ዘቢብ ወዲያ ሲሉ ደረስኩባቸው። ባለሙያ የለ፣ አጀንዳ የለ! ዘቢቡ ካለቀ በኋላ ደግሞ ጣት ለጣት ተያይዘው ቆሙ… ዝም ብለው። እንዴት አድርጌ እንደምቆጣቸው ጠፋኝ።»

እዚህ ላይ ሚስ ኦዴሳ ፓዩን መቁረስ አቆሙ። ያን ጠዋት አላቋረጧቸውም ነበር፤ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጀርባ ሄደው አልቅሰው ነው የተመለሱት። ቢላዋውን አስቀመጡ።

«እኔን የምታሳዝነኝ እሷው ናት። ሸክሟን አስቢው! ያን ቁልፍ ዓመቱን ሙሉ በአንገቷ! ሌላ ሰው ቢሆን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ይረሳው ነበር። እሷ ግን ስትበላም አታወልቀው፣ ስትሰበሰብም አታወልቀው። ለምን? ሲሏት “እንዳይጠፋ” ትላለች። እውነቷን ነው እኮ። ቁልፍ ጠፍቶ በር ቢዘጋ ቸልተኝነት ነው። ቁልፍ እያለ ሲዘጋ ግን… አጋርነት ነው።»

ሰብሳቢዋ ከዚህ በላይ አልቻለችም። ክሩን ከአንገቷ ልታወልቅ ስባ አነሣችው፤ ክሩ አፍሪካ ላይ ተጠመጠመ። ጎተተች፣ ጆሮዋ አብሮ መጣ። ሲላቀቅላት ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ቸብ አድርጋ መዳፏን ከላዩ ከደነችበትና አፏን ከፈተች። ሚስ ኦዴሳ ያን አፍ ያውቁታል። “እሰማችኋለሁ” ብሎ ይጀምርና እስኪመሽ ያብራራል፤ ሲጨርስ ቁልፉ ወደ አንገት፣ ጉዳዩ ወደ ንዑስ ኮሚቴ ይመለሳል፤ ከአሥሩ ጠዋት አንዱ ይጎድላል። ዘጠኝ ደግሞ አሥር አይደለም።

«እንጸልይ!» አሉ ሚስ ኦዴሳ ብድግ ብለው።

በዚያ ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ሰው እንጸልይ ካለ፣ በቆመበት እጅ ለእጅ መያያዝ ነው። ማንኪያ የያዘ ማንኪያውን ይጥላል፣ ሕፃን የታቀፈ ሕፃኑን ለጎረቤቱ ያሻግራል። ሰብሳቢዋም ይህን ታውቃለች፤ በአጋርነት ሰነዱ ላይ “የአጋርን ባህል ማክበር” የሚለውን አንቀጽ የጻፈችው ራሷ ናት። ቁልፉን አየችው፣ የተዘረጋላትን የሚስ ኦዴሳን እጅ አየችው። መዳፏ ከጠረጴዛው ተነሣ። ዓይኖች ሁሉ ተጨፈኑ።

በግራ በኩል የላቮን እጅ ትንሽ ዘግይቶ መጣ። ሲመጣ መዳፉ ውስጥ ቀዝቃዛ ብረት ነበረበት። ሚስ ኦዴሳ ጭብጥ አድርገው ያዙትና ፊታቸውን ወደ ጣሪያው አቀኑ።

«ጌታ ሆይ፣ ስለ ዶሮው እናመሰግንሃለን፣ ስላረረውም ጭምር። ነገ ጠዋት ማለዳ ስለሚከፈተውም ነገር እናመሰግንሃለን፤ ዝናቡን ብቻ ያዝልን፣ ሸርተቴው ይረጥባል። ጌታ ሆይ፣ ለልጆቻችን እንዲህ ስትደክም የከረመችውን፣ ስሟን አንተ የምታውቀውን ሴት ባርካት። ዕድሜዋን አርዝምላት። እግሯን እንቅፋት አይንካው። ከብዙ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ፣ የልጅ ልጅ አይታ፣ ጠግባና ሸብታ፣ በሰማይ ቤትህ ደጃፍ ስትቆም… ቁልፉን የያዘው ጴጥሮስ እንደ እሷ አስተዋይ ይሁንላት። እንደ እኛ እንደ መሃይሞቹ በችኮላ አይክፈትባት፣ አደራህን። ክብሯ እንዳይነካ፣ በሩ ወዴት ቢከፈት እንደሚሻል፣ ቁጭ ብሎ፣ ኮሚቴ ሰብስቦ፣ እስኪበቃው ድረስ ያስብላት። አሜን።»