ሳይወለድ ያየው ሲኒማ ቤት

እንደምን ዋላችሁ... ኧረ አትነሺ፣ የኔ ዓለም! የወንድሜ ሚስት ሆነሽ ለኔ ትነሺ? መጋረጃሽን አሳጥሬ አመጣሁልሽ፤ ከእንግዲህ ወለል አይጠርግም። ሙቀቱስ! ያንን መስኮት ብትከፍቺው... ተይው፣ ተይው፤ ወንድሜ ጋዜጣ እያነበበ ነው፣ ንፋሱ ገጹን ይገልጥበታል። እሱ እንደሆነ መግለጡን ከተወ ቆይቷል።

እኔማ ከትናንት ጀምሮ ሳቅ ሳቅ ይለኛል። መንግሥት በየዓመቱ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚያዘጋጀውን የሥዕል ውድድር አዳራሹ ድረስ ሄጄ አየሁት እኮ! አንደኛ የወጣው የማን ነው? የልጅሽ! እልል ብል ጠባቂው "እናቴ፣ ቀስ በይ" አለኝ። እስቲ አሁን እኔ የሱን እናት እመስላለሁ?

ሥዕሉስ ምን ይወጣለታል! አሮጌው ሲኒማ ቤት፣ ልክ እንደነበረ። በሩ፣ ሰልፉ፣ ትኬት ቆራጩ ከነወላቃ ጥርሱ። ሲኒማ ቤቱ የፈረሰው መቼ ነበር? ልጅሽ ሳይወለድ አይደል? ታዲያ ይሄ ተሰጥኦ አይባልም? ሌላው ልጅ ያየውን መሳል ያቅተዋል፣ የኛው ሳይወለድ ያየውን! ደግሞ ከሰልፉ ጭራ አንዲት ቀጫጫ ልጅ ቆማለች፤ ሹራቧ ክርኑ ላይ ተቀዷል። ጠጋ ብዬ ባያት... እኔ ነኝ! ውይ ሳቄ! ያን ሹራብ ማን ያውቀዋል? እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፤ እኔ፤ እና... እና ልጅሽ ነዋ! ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

አንዳንድ ሰው ደግሞ አለ አሉ፤ በተማሪነቱ በዚሁ ውድድር ገብቶ ሳይቀናው የቀረ። ጓዳ ተደብቆ ሲያለቅስ ያባበለችው እህት ነበረችው አሉ። ታዲያ በሃምሳ ዓመቱ ቢቀናው ምን ይገርማል? ድሮ "አባት ሳለ አጊጥ" ነበር፤ ዘንድሮ ልጅ ሳለም ይጌጣል። እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል!

ልጁማ ሲሸለም አየሽው? ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል ይባላል... የኛው ሜዳሊያውን ይዞ አለቀሰ። ደስታ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል! ቅዳሜ ደግሞ አሸናፊዎቹ መድረክ ላይ ተቀምጠው በሕዝብ ፊት ይስላሉ ተብሏል። ይህን ከሰማ ወዲህ እህል አልቀምስ ማለቱ... ደስታም እኮ ያጠግባል።

የራሱ... ማለቴ ያኛው ሥዕሉ ትዝ ይልሻል? አውቶቡስ ሥር የተኛው ውሻ፣ ለአራተኛ እግሩ ወረቀት ያነሰው? ከቁም ሣጥን ጀርባ ተወርውሮ አገኘውና "አክስቴ፣ አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ" ብሎ ሰጠኝ። ከስፌት መኪናዬ በላይ ሰቅዬዋለሁ። በሦስት እግሩ እንዴት ተመቻችቶ እንደተኛ! ራሱ ነው የተኛው፤ ማንም አልተኛለትም።

ከቅዳሜ በፊት አዳራሹ ድረስ ሄዶ አንዲት እውነት የሚናገር ሰው ቢገኝ... ኧረ እኔ ምን አገባኝ! መጋረጃ ሰፊ ነኝ።

በይ ልሂድ። ጋዜጣው ወረደ እንዴ? እሰይ፣ እንግዲያው ያንን ሲኒማ ቤት የሣለውን ልጅ ልመርቀውና አሜን በሉ። እጁን ይባርክለት። ትምህርቱን ይግለጥለት። ክፉ ሳይነካው ይደግ... አድጎም ለወግ ለማዕረግ ይብቃና፣ እሱም በተራው የልጅ አባት ለመሆን ያብቃው!