ጥሬዋ ዘሐራ

የጓደኛዬ የዘሐራ እናት ወሎ ሆነው «ልጅሽ ዶሃ ታማለች» የሚል ወሬ ሰሙና እህል አልቀምስም አሉ። «የስልክ ፎቶ ይዋሻል፤ ፎቶ ቤት ተነስታ ልያት» አሉ። ጁምዓ ዕለት ከዘሐራ ጋር ኦልድ ኤርፖርት በሚባለው የዶሃ ሰፈር፣ ሰይድ የሚባል ያገራችን ልጅ ፎቶ ቤት ገባን። የሰይድ ኮምፒውተር ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ፎቶ ማሳመሪያ ፕሮግራሙም ከማርጀቱ የተነሳ የአዲሱን ካሜራ ፎቶ አያውቅም፤ መጀመሪያ በሌላ ፕሮግራም ይተረጎምለታል። እኔም ዐይን ኻሊድ ሰፈር ለሥራ እንደመጣሁ ከአሠሪዬ ከማዳም ጋር የምንጣላው በአስተርጓሚ ነበርና አልፈረድኩበትም።

ሰይድ አንስቷት ፎቶው ሲከፈት ዘሐራ አመድ መስላለች። «ይህን ብንልክ እኮ ለቅሶ ይቀመጣሉ!» አልኩ።

«ካሜራው እንዳነሳው ጥሬ ነው፤ ገና አልበሰለም» አለ ሰይድ።

«ታዲያ አብስላታ! ብርሃን ጨምር! የግንባሯንም ጠባሳ አጥፋው!»

ፊቷ በራ፤ የዶሃ መብራት ቢጠፋ እሷ ትበቃ ነበር። ላክነው። እናትዬው ወዲያው ደወሉ። «ይቺ የማን ልጅ ናት? የኔዋ ሞታ ነው የምትደብቁኝ?»

ዘሐራ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ኸላስ፣ አለቀ! አሳረርናት!» አልኩ።

ሰይድ ሳቀ። «ጥሬው ፎቶ እኮ አይነካም፤ እንዳለ ተቀምጧል» አለና እንደገና ጀመረ። ግርጣቱን ብቻ አንስቶ ጠባሳዋን ተወላት። ላክን።

«አልሐምዱሊላህ! ከዛፍ የወደቀችበት ጠባሳ ይኸው! እሷው ናት!» አሉ እናትዬው። ቀጠል አድርገው ደግሞ፣ «የቅድሟን ቆንጆ ግን ለዘሐራ ወንድም ጠይቁልኝ።»