እንጉዳይ ያበቀለው ዛፋችን

ክቡራትና ክቡራን፣ የካርቲየ 6 ሰፈር የባህል ማዕከል ባልደረቦቼ፤ በዚህ ሙቀት ሥራችሁን ትታችሁ ልትሸኙኝ ስለተሰበሰባችሁ ፈጣሪ ያክብራችሁ። ኃላፊያችን ዓቢዳ፣ ስለ ወንበሩ አመሰግናለሁ፤ ግን ቆሜ ልናገር። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስቀመጥ ያየኝ አለ?

የዛሬ ሁለት ዓመት «ከገለባ ዛፍ እንሥራ፣ በቅጠል ፋንታ እንጉዳይ ያበቅላል» ስላችሁ፣ ዓቢዳ ምን አለችኝ? «ጽጌሬዳ፣ ጅቡቲ ውስጥ ሰው በሙቀት እየደረቀ፣ እንጉዳይ?»

ተነሣን ግን። ሾፌሩ ሙላው ከድሬዳዋ ገለባና የእንጉዳይ ዘር በመኪናው ጭኖ አመጣልን። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ እህቶቻችን ዓርብ ዓርብ በዕረፍታቸው እየመጡ ገለባውን ቀቀሉ፤ ሲበርድ ከዘሩ ጋር ደባልቀው፣ ከዘንባባ ቅጠል በጎነጎኑት ቅርጽ ውስጥ ጠቀጠቁት። እያንዳንዷ አንድ ቅርንጫፍ ሠራች። ማቀዝቀዣ ባለው የኋላ ክፍል በላስቲክ ሸፈንነው። እንጉዳዩ ነጭ ክር የመሰለ ነገር እየዘረጋ ገለባውን ያያይዘዋል፤ የእኛ ድርሻ መጠበቅ ብቻ ነበር።

መጠበቅ! እኔ?

በሦስተኛው ሳምንት ግንዱ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ወጣ። ደነገጥኩ። ጋቦዴ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ የነበረችውን ሀዊን፣ ሁላችሁ ፊት «እጅሽን ሳትታጠቢ ነካክተሽ አበላሸሽው!» አልኳት። ሻርፗን አንሥታ ወጣች፤ በሚቀጥለውም ዓርብ ቀረች።

ዓቢዳ ለብቻዬ ጠራችኝ። «ትናንት ብቻ ላስቲኩን ስንቴ ገለጥሽው?»

አምስቴ? ስድስቴ? በገለጥኩት ቁጥር ሻጋታውን ያመጣው አቧራ ይገባ ነበር።

ጋቦዴ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ሀዊ እጇ የሳሙና አረፋ እንደሆነ ወጣች።

«ይቅር በይኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት።

«ዛፉ ሞተ?» አለችኝ። ስለ ራሷ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ዓርብ መጣች። የተበላሸውን ቆርጣ አወጣች። ክፍተቱን ልደፍነው ስል እጄን ያዘችኝ፤ «እትዬ ጽጌ፣ ይተዉት።» ተውኩት፤ እግሬ ግን ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ሲመላለስ ሰነበተ። በአሥራ አንደኛው ቀን በክፍተቱ ዳር ዳር ጆሮ የመሰሉ እንጉዳዮች ብቅ አሉ። ከከተማው ዳር፣ ከሃያብለ ድረስ ሰው ሊያየው መጣ።

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ይቅርታ የጠየቅኋት ደጃፍ ላይ፣ ለብቻችን ነው። የወቀስኳት ግን እናንተ ፊት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ልናገር እነሣና ሌላ ሥራ እፈጥራለሁ። ነገ ጠዋት ወደ አገሬ ልሄድ ነው፤ ከዚህ ወዲያ የምሸሽበት ሥራ የለኝም። ሀዊ፣ ዛሬ ባልደረባችን ሆነሽ እዚህ ተቀምጠሻል። ዛፉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሁላችሁም ስሙልኝ።

ፈጣሪ ጤናና ዕድሜ ይስጣችሁ፤ እጃችሁ የነካው ሁሉ ይለምልም። ሙላው፣ መንገዱ ሁሌ ሰላም ይሁንልህ። በሰው ቤት የምታድሩ እህቶቼ፣ የገዛ ቤታችሁን በር የምትከፍቱበትን ቀን ያቅርብላችሁ።

ደኅና ሁኑልኝ።