ሦስተኛው ክፍል

«እኔ ማኅበሬን ትቼ ደሴት ላይ አልኖርም» አለች እማዬ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለችው ሱቃችን በርበሬ እየመዘነች። አባዬ ሆሊውድ ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። ግሪካዊ አለቃው ቀርጤስ ደሴት ላይ ያለውን የወላጆቹን ቤት ልሽጥልህ ብሎታል።

«ግሪኮቹም ኦርቶዶክስ ናቸው እኮ» አለ አባዬ።

«ቅዳሴያቸው በግሪክኛ ነው።»

«የኛስ ግዕዝ መቼ ገብቶሽ ያውቃል?»

ሳቄ አመለጠኝ። እማዬ ዞር ብላ «አንቺ ደግሞ ከማን ወገን ነሽ?» አለችኝ። አባዬ ሊያሳያት ፈርቶ ወንበሩ ላይ በተወው ጃኬቱ ኪስ ውስጥ የደበቀውን ወረቀት አውጥቼ ሰጠኋት። ቤቱን በእርሳስ ስሎታል። አንዱ ክፍል ላይ የኔ ስም አለ፣ ሁለተኛው ላይ የነሱ። በረንዳው አጠገብ ባለው ሦስተኛ ክፍል ላይ «እማማ» ይላል። እማማ የእናቴ እናት ናቸው። አሜሪካ ሩቅ ነው ብለው አዲስ አበባ ቀርተዋል።

«ደውዬ ጠይቄያቸዋለሁ» አለ አባዬ ቀስ ብሎ። «እዚያ ድረስ ከሆነ እመጣለሁ ብለዋል።»

እማዬ ወረቀቱን አጣጥፋ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። በርበሬውን ሚዛኑ ላይ እንደተወችው፣ እማማ ጋ ልትደውል ስልኳን ይዛ በጓሮ በር ወጣች።